ተደጋግሞ የሚጠፋ ፅንስ ሁሉ «ሾተላይ» አይደለም

ከወረታ ተነስቶ በይፋግ በኩል ወደ አዲስ ዘመን በሚዘልቀው መንገድ ግራና ቀኝ ባሉ መንደሮችም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል፣ እየፀነሱ ልጅ ያልጸናላቸው እናቶች የሚጠሩበት አንድ ቃል አለ፤ «ሾተላይ»። ቃሉ ድሮ በእናቲቱ ላይ ተጠግቶ ልጆቿን ያስቀርባታል ተብሎ የሚታመን የክፉ መንፈስ መጠሪያ ነበር። ክታብ የሚታሰረውም እርሱን ለማራቅ ነው። ብዙ ሐዘን ካለፈ በኋላ ለተረፈው ልጅ ካሳ፣ ምትኩ ወይም ማስረሻ የሚል ስም ይወጣለታል። ዛሬ ደግሞ ይኸው ቃል የእናትና የፅንስ ደም አለመጣጣም የተለመደ መጠሪያ ሆኗል።

ቃሉ ሁለት ጉዳት ያስከትላል። አንደኛ፣ ሾተላይ መፍትሔ የለውም ብለው የሚያምኑ ቤተሰቦች በጊዜ ቢታወቅ በመርፌ ሊከላከሉት የሚችሉትን ችግር ዝም ብለው ያሳልፋሉ። ሁለተኛ፣ ማንኛውም የፅንስ መጥፋት በዚህ ስም ስለሚጠራ ሌላ ምክንያት ያላቸው እናቶች ሳይመረመሩ ይቀራሉ። ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱ ደምን ያለ ቦታው የሚያረጋ ፀረ እንግዳ አካል ነው። ለዛሬ ሁለቱን ለየብቻ እንመልከታቸው።

ሾተላይ በሕክምና ዓይን

የሰው ደም ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ እና ኦ ተብሎ ከመከፈሉ በተጨማሪ አር ኤች ፖዘቲቭና አር ኤች ኔጌቲቭ ተብሎ ይለያል። በቀይ የደም ሴሎቹ ላይ «ዲ» የሚባለው ፕሮቲን ያለው ሰው ፖዘቲቭ ይባላል፤ የሌለው ደግሞ ኔጌቲቭ። ይህን የደም ክፍፍል ካርል ላንድስታይነርና አሌክሳንደር ዊነር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1940 ይፋ አድርገዋል። በአገራችን አብዛኛው ሰው ፖዘቲቭ ነው፤ ኔጌቲቭ የሆነው ከአስር ሰው አንድ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ስለዚህ ኔጌቲቭ የሆነች ሴት የምታገባው ሰው ፖዘቲቭ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ችግሩ የሚፈጠረው እናት ኔጌቲቭ ሆና ፅንሱ ከአባቱ ፖዘቲቭ ደም ሲወርስ ነው። በወሊድ ጊዜ የሕፃኑ ደም በጥቂቱም ቢሆን ወደ እናቲቱ ደም ይገባል። የእናቲቱ ሰውነት ይህን ደም እንደ ባዕድ ስለሚቆጥረው የሚያጠፋ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል። የመጀመሪያው ልጅ ብዙውን ጊዜ የማይጎዳው በዚህ ምክንያት ነው፤ ፀረ እንግዳ አካሉ ሲመረት እርሱ ተወልዷል። በሚቀጥለው እርግዝና ግን ይህ ፀረ እንግዳ አካል በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ የፅንሱን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳል። ፅንሱ በደም ማነስ ይጎዳል፤ ሲብስም ልቡ ደክሞ፣ ሰውነቱ አብጦ በማህፀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። በሕይወት የተወለደው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ዓይኑና ቆዳው ቢጫ ሊሆን ይችላል። በፍጥነት ካልታከመም አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል።

እዚህ ላይ ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። የእናትና የፅንስ ደም የሚቀላቀለው በወሊድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ውርጃ፣ ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና፣ በእርግዝና ጊዜ የሚታይ ደም መፍሰስ፣ ሆድ ላይ የደረሰ ምት ወይም ከባድ ውድቀትም ተመሳሳይ ውጤት አላቸው። ስለዚህ «ይህ የመጀመሪያ ልጄ ነው» ብለው ቀድሞ የደረሰብዎትን ውርጃ አይደብቁ። ለሚከታተልዎት ባለሙያ በግልጽ ይናገሩ፤ የሚወሰነው ውሳኔ በዚያ ላይ የተመሠረተ ነው።

28ኛው ሳምንትና 72ቱ ሰዓታት

መከላከያው አንቲ ዲ የሚባል መርፌ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። መድኃኒቱ ወደ እናቲቱ የገባውን የፅንስ ደም ሰውነቷ ሳያውቀው ቀድሞ ያስወግደዋል። በመሆኑም የራሷ ፀረ እንግዳ አካል አይመረትም።

መርፌው በሁለት ጊዜያት ይሰጣል። የመጀመሪያው በ28ኛው የእርግዝና ሳምንት አካባቢ ሲሆን ሁለተኛው ልጁ ተወልዶ ደሙ ፖዘቲቭ መሆኑ ሲረጋገጥ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። ውርጃ ወይም ደም መፍሰስ ሲያጋጥምም በዚያው 72 ሰዓት ውስጥ መርፌው እንደሚያስፈልግ ባለሙያው ይወስናል። መከላከያውን ካላገኙና ፖዘቲቭ ልጅ ከወለዱ ኔጌቲቭ እናቶች መካከል ከ100 ወደ 16 የሚሆኑት ፀረ እንግዳ አካል ያመርታሉ። ከወሊድ በኋላ ብቻ ሲሰጥ ቁጥሩ ወደ 1 ወይም 2 ዝቅ ይላል፤ በ28ኛው ሳምንትም ሲጨመር ከ1 በታች ይሆናል።

72 ሰዓት በተግባር ምን ማለት እንደሆነ እናስላ። ቅዳሜ ማለዳ የወለደች እናት ጊዜዋ ማክሰኞ ማለዳ ያበቃል። በመካከሉ እሑድ አለ፣ የትራንስፖርት ችግር አለ፣ መድኃኒቱ በአቅራቢያው የጤና ተቋም ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ፍለጋው ከወሊድ በኋላ መጀመር የለበትም። ኔጌቲቭ መሆንዎን ባወቁበት ቀን «መርፌው የት ይገኛል? ማን ይሰጠኛል?» ብለው ይጠይቁ። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ የሚቀመጥ ነው። ባለቤትዎ ከሩቅ ከተማ ገዝቶ በኪሱ ይዞት ቢመጣ ሊበላሽ ይችላል። በበረዶ መያዣ ማጓጓዝ ወይም እናቲቱ ራሷ መድኃኒቱ ወዳለበት መሄድ ይሻላል። 72 ሰዓቱ ካለፈም ተስፋ ቆርጠው አይቅሩ፤ እስከ 10 ቀን ድረስ ቢሰጥ የተወሰነ ጥቅም ሊኖረው ስለሚችል ሐኪም ያማክሩ።

መርፌው ከሰው ደም የሚዘጋጅ ነው። ጄምስ ሃሪሰን የተባለው አውስትራሊያዊ በደሙ ውስጥ ይህ ፀረ እንግዳ አካል በብዛት ይገኝ ስለነበር በሕይወት ዘመኑ ከ1 ሺህ 100 ጊዜ በላይ ደም ለግሷል፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕፃናትን ለመታደግ እንደረዳም ይነገርለታል። ያረፈው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው።

ፀረ እንግዳ አካሉ ቀድሞ ተፈጥሮ ከሆነ አንቲ ዲ አይጠቅምም። ይህን የሚለየው ኩምብስ የተባለው የደም ምርመራ ነው። ውጤቱ ፖዘቲቭ ቢሆንም ልጅ አይኖርዎትም ማለት አይደለም። እርግዝናው በማህፀንና ፅንስ ሐኪም ክትትል ሥር ይሆናል፤ የፀረ እንግዳ አካሉ መጠን እየተለካ፣ የፅንሱ የደም ማነስ በአልትራሳውንድ እየታየ የመውለጃው ጊዜና ቦታ ይወሰናል። የተወለደው ሕፃን ደግሞ በብርሃን ሕክምና ወይም ደሙን በመለወጥ ይረዳል። እንዲህ ያለች እናት በቤቷ መውለድ የለባትም።

ሌላው ምክንያት፤ ደም የሚያረጋ ፀረ እንግዳ አካል

የሾተላይ ዋና ምልክት ችግሩ ከሁለተኛው ልጅ ጀምሮ መታየቱና እርግዝናው ከገፋ በኋላ ወይም ከወሊድ በኋላ ጉዳት ማድረሱ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ላይ ተደጋግሞ የሚጨናገፍ ፅንስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሾተላይ አይደለም። የዘረ መል ችግር፣ የማህፀን አፈጣጠር፣ የስኳር ወይም የታይሮይድ ሕመም ምክንያት ሊሆን ይችላል። እንደ ፎገራ ባለ ወባማ ሜዳ ላይ የምትኖር ነፍሰ ጡር ወባንም መርሳት የለባትም፤ ወባ ለውርጃና ሞቶ ለሚወለድ ልጅ ምክንያት ይሆናል። ያልታከመ ቂጥኝም እንዲሁ።

ከምክንያቶቹ መካከል በአገራችን ብዙም የማይነገርለት አንቲ ፎስፎሊፒድ ሲንድረም የተባለው ችግር ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ግራሃም ሂዩዝና የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ለይተው ገልጸውታል። በዚህ ሕመም ሰውነት በራሱ ላይ ይነሳል፤ የሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካል ደም በሥር ውስጥ በቀላሉ እንዲረጋ ያደርጋል። በእርግዝና ጊዜም የእንግዴ ልጁን ሥራ ያውካል። ፅንሱ ምግብና ኦክስጅን በበቂ ሁኔታ ስለማያገኝ ይቀጭጫል፣ ያለ ጊዜው ይወለዳል ወይም ይሞታል። ባልና ሚስት የደም ዓይነታቸው አንድ ዓይነት ቢሆንም ይህ ችግር ሊኖር ይችላል፤ ከባል ደም ጋር ግንኙነት የለውም።

ምርመራ የሚያስፈልጋት ማን ናት? ከ10 ሳምንት በፊት ሦስትና ከዚያ በላይ ፅንስ በተከታታይ የጠፋባት፣ ከ10 ሳምንት በኋላ ጤናማ መስሎ ይታይ የነበረ ፅንስ የሞተባት፣ በከባድ የእርግዝና ደም ግፊት ወይም በእንግዴ ልጅ ድክመት ከ34 ሳምንት በፊት የወለደች፣ ወይም ቀደም ሲል እግሯ ወይም ሳንባዋ ላይ ደም የረጋባት ሴት ናት። የደም ምርመራው ሦስት ዓይነት ፀረ እንግዳ አካላትን ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ብቻ ተመርምሮ «አለ» አይባልም፤ ቢያንስ ከ12 ሳምንት በኋላ ተደግሞ መረጋገጥ አለበት። ሌላ ኢንፌክሽን ለጊዜው ውጤቱን ሊያዛባው ስለሚችል ነው። ምርመራው በየጤና ጣቢያው የሚሠራ ስላልሆነ ሪፈር መጠየቅ ያስፈልጋል። ጥሩው ጊዜም ከእርግዝና በፊት ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር እንጥቀስ። ይህ ፀረ እንግዳ አካል ያለባት ሴት በተለምዶ ቪዲአርኤል በሚባለው የቂጥኝ ምርመራ ላይ ቂጥኝ ሳይኖርባት ፖዘቲቭ ልትሆን ትችላለች። የጠፋው ፅንስ ሳያንስ በትዳር ላይ ጥርጣሬና ጠብ ይጨመራል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ውጤት ሲመጣ በሌላ ዓይነት የቂጥኝ ምርመራ ሳይረጋገጥ ባልና ሚስት እርስ በርስ አይወነጃጀሉ።

ሕክምናው ምን ይመስላል?

በለንደን ሴንት ሜሪስ ሆስፒታል ይህ ችግር ያለባቸውና ፅንስ የጠፋባቸው 90 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1997 ታትሟል። አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን ብቻ ከወሰዱት ከ100 42 የሚሆኑት በሕይወት ያለ ልጅ ሲወልዱ፣ አስፕሪንና ሄፓሪን አብረው ከወሰዱት ግን 71 የሚሆኑት ወልደዋል። ዛሬም የሕክምናው መሠረት እነዚህ ሁለት መድኃኒቶች ናቸው።

አስፕሪኑ በቀን ከ75 እስከ 100 ሚሊግራም ያለው ትንሹ ክኒን እንጂ ለራስ ምታት የሚወሰደው ትልቁ አይደለም። ሄፓሪን ወይም ኢኖክሳፓሪን የተባለው መድኃኒት ደግሞ በሆድ ቆዳ ሥር በየቀኑ የሚወጋ መርፌ ነው። ወደ ፅንሱ አያልፍም፤ ጡት ለማጥባትም አያግድም። አብዛኞቹ እናቶች አወጋጉን ተምረው በቤታቸው ራሳቸው ይወጋሉ። መርፌውን ፀሐይና ሙቀት በማያገኘው ቦታ ያስቀምጡ፤ የተጠቀሙበትን መርፌ ልጆች ከማይደርሱበት ጠንካራ ዕቃ ውስጥ ይክተቱ። ምጥ ሲጀምርዎት ቀጣዩን መርፌ ሳይወጉ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱና የመጨረሻውን የወጉበትን ሰዓት ይናገሩ። በጀርባ የሚሰጠው ማደንዘዣ ደም መፍሰስ እንዳያስከትል ሐኪሙ ይህን ማወቅ አለበት።

ከእነዚህ በተቃራኒ ዋርፋሪን የተባለው ክኒን ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ በተለይ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት የአካል ጉድለት ሊያመጣ ይችላል። በልብ ሕመም ምክንያት ሰው ሠራሽ የልብ በር ተገጥሞልዎት ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነ ለማርገዝ ከማሰብዎ በፊት ከልብ ሐኪምዎ ጋር ይመካከሩ። ሳይታሰብ ካረገዙም መድኃኒቱን በራስዎ ውሳኔ አያቁሙ፤ በሩ ላይ ደም ሊረጋና ሕይወትዎን ሊያሳጣ ይችላል። በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ፤ ለውጡን እርሱ ይወስናል።

አራስ ቤትና የደም መርጋት

የተለየ ሕመም የሌለባት እናት እንኳ በእርግዝና ጊዜ ደሟ የመርጋት አደጋው ካላረገዘች ሴት ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይበልጣል። ሰውነት በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም እንዳይፈስ አስቀድሞ የሚያደርገው ዝግጅት ነው። አደጋው ከሁሉም የሚበረታው ከወሊድ በኋላ ባሉት 6 ሳምንታት፣ ማለትም በአራስነት ጊዜ ነው። በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ ብዙ ደም የፈሰሳት ወይም ቀድሞ ደም የረጋባት እናት ይበልጥ መጠንቀቅ አለባት።

አራስን ማረፍና መንከባከብ መልካም ባህላችን ነው። ገንፎው፣ አጥሚቱና የጎረቤት ጥየቃው እናትን ያበረታል። ነገር ግን ማረፍ ማለት ቀኑን ሙሉ ከአልጋ አለመውረድ አይደለም። ሐኪም ካልከለከለዎት በወለዱ ማግስት ተነስተው በቤት ውስጥ ይራመዱ፣ ውኃ በብዛት ይጠጡ፣ በአልጋ ላይ ሳሉም እግርዎን ያንቀሳቅሱ። ሄፓሪን የታዘዘላት እናትም «አሁንማ ወለድኩ» ብላ እንዳታቆም፤ ብዙውን ጊዜ ለ6 ሳምንት ይቀጥላል።

አንድ እግር ብቻ፣ በተለይም የግራው፣ ቢያብጥ፣ ባቱን ቢያምዎትና ቢሞቅ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ፈጥነው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ያበጠውን እግር አያሳሹ፤ ወጌሻም አይሸው፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ሲተነፍሱ የሚወጋ የደረት ሕመም፣ ደም የቀላቀለ ሳል፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ ሌሊት ቢሆንም የሚያስጠብቅ አይደለም።

መንገዱን ቀድሞ ማሰብ

በአገራችን የተሻሻለው የቅድመ ወሊድ ክትትል መመሪያ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ 8 ጊዜ እንድትታይ ይመክራል። የመጀመሪያውን ክትትል ከ12ኛው ሳምንት ሳያልፍ ይጀምሩ። የደም ዓይነትና አር ኤች ምርመራውም ያኔ ይደረጋል። ውጤቱን በቃል ብቻ አይስሙ፤ በካርድዎ ላይ መጻፉን ይመልከቱ። ኔጌቲቭ ከሆኑ ባለቤትዎም ይመርመሩ፤ እርሳቸውም ኔጌቲቭ ከሆኑ ልጁ ለዚህ ችግር አይጋለጥም።

ለይፋግ፣ ለወረታና ለአካባቢው እናቶች የከፍተኛ ሕክምና በር ሩቅ አይደለም። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር 40፣ ወደ ባሕር ዳር ደግሞ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደብረ ታቦር አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ በባሕር ዳር ደግሞ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ። ይሁንና ርብና ጉማራ ሲሞሉ ከጣና ዳር ያሉ ቀበሌዎች ምን ያህል እንደሚቸገሩ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል፤ የነሐሴ 1998 ዓ.ም. ጎርፍም አይረሳም። የመውለጃ ጊዜዎ በክረምት የሚውል ከሆነና ደምዎ ኔጌቲቭ ከሆነ ወይም የሄፓሪን ሕክምና ላይ ካሉ፣ መንገዱ ሳይቆረጥ አስቀድመው በጤና ተቋሙ የእናቶች ማቆያ ይግቡ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋንም ያማክሩ።

ወጪን በተመለከተ ፎገራ በ2003 ዓ.ም. ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዷ ናት። አባል ከሆኑ መታወቂያዎን ያሳድሱ፤ ሪፈር ሲሄዱም የሪፈር ወረቀቱን ይያዙ። ከወጪዎቹ የትኛው እንደሚሸፈን አስቀድመው ይጠይቁ።

ለባሎች፣ ለአማቶችና ለጎረቤቶች ደግሞ አንድ ቃል። የደም አለመጣጣም የሚፈጠረው ከሁለት ሰዎች ደም ነው፤ የእናት ጥፋትም እርግማንም አይደለም። ፀረ እንግዳ አካል በሰውነቷ የተፈጠረባት ሴትም የበላችው ወይም የሠራችው ነገር አላመጣባትም። ልጅ የጠፋባትን ሴት ስም ከማውጣት ይልቅ የቀድሞ እርግዝናዎቿ በስንተኛው ወር እንደጠፉ፣ ሕፃኑ ቢጫ ሆኖ እንደነበር፣ እግሯ አብጦ እንደነበር አስታውሳችሁ በወረቀት ጽፋችሁ አብራችኋት ወደ ሐኪም ሂዱ። ሐኪሙ ከምርመራው በፊት የሚጠይቀው ይህንን ነው።